ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

የልብስ ስፌት ቤቱን በር ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው ወስፌ ነበረች። ታማኝ ናት ብሎ የበሩን ቁልፍ የሰጣት ባለቤቱ ራሱ ነው። ታማኝነቷስ እውነት ነው፤ ከሁሉም ቀድማ የምትመጣበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በሩን ትገፋለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር ካለው መሳቢያ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ታወጣለች። ቆርቆሮው የልብስ ቁልፍ የሞላበት ነው፤ የኮት፣ የሸሚዝ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጓደኛው ጠፍቶበት ብቻውን የቀረ። ከቁልፎቹ ሥር ከገበር ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት አለች። ከእሷ አንዲት ክኒን አውጥታ በውሃ ትውጥና ከረጢቷን መልሳ በቁልፍ ትቀብራታለች። ሌሎቹ ሲደርሱ ወስፌን የሚያገኟት መኪናዋን ዘይት ስታጠጣ ነው።

ቤቷ ለምን አትውጠውም? የቤቷ አከራይ ተከራይ በሌለበት ገብታ ዕቃ የምታገላብጥ ሴትዮ ናት። «ትኋን እየፈለግኩልሽ ነው እኮ» ትላለች፤ ትኋን መሳቢያ ውስጥ የሚኖር ይመስል።

ይህን ሲሰማ «ምነው ይህን ያህል መደበቅ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ዙሪያውን ይመልከት። ግፊት ያለበት ሰው ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ይውጣል፤ እንዲያውም አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው ስለ ግፊቱ ሲያወራ ይውላል። ስኳር ያለበት ሰው ሠርግ ቤት «እኔ ጣፋጭ አይሆነኝም» ሲል አስተናጋጁ ሁሉ ይሯሯጥለታል። ወስፌ ግን በሕይወት ያቆያትን ክኒን እንደ ሌባ ዕቃ ትቀብራለች። ሌባ ያደረጋት በደሟ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው? ቫይረሱ አፍ የለውም። አፍ ያለን እኛ ነን።

ወስፌ የተባለችው በምላሷ ነው። እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። አክስቷ አፏ መፍጠኑን አይታ «እጅሽ ካልሠራ ይሄ አፍሽ ያስርብሻል» ብላ ስፌት ቤት አስገባቻት። ገና የልብስ ጠርዝ የምትዘመዝም ጀማሪ ሳለች አንድ ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ቤቱን ቀውጢ ሲያደርገው፣ «ሱሪውስ እንደተለካ ነው ጋሼ፤ ቀጠሮውን ያላከበረው ሆድዎ ነው» አለችው። ሰውየው ራሱ ሳቀ። ያን ቀን ወስፌ ተባለች፤ ስሙም እንደ ጥሩ ስፌት ሳይተረተር ቀረ።

ያገባችው ቀለም ቀቢ ነበር። ከተማውን በግማሽ የቀባ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ቀለም የማይጠፋ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው። ወስፌ አርግዛ ክሊኒክ ስትሄድ ተመረመረች፤ ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቱን በጊዜ በመጀመሯ ልጇ ነጻ ሆና ተወለደች። ባሏን «አንተም ሂድና ተመርመር» አለችው። ሄደ። በሩ ድረስ ደረሰ። የዚያን ክሊኒክ ግድግዳ የቀባው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሰልፉ የት ተጀምሮ የት እንደሚታጠፍ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰልፉ ላይ አንድ የሰፈሩን ሰው አየ። ተመለሰ።

«ሰልፉ ረዥም ነው» አላት።

በሌላ ጊዜም ሄደ። «ዛሬም ሰልፉ ረዥም ነው።» ሳሉ ሲበረታ «የቀለሙ ሽታ ነው» አለ። ሲከሳ «ሥራው ነው» አለ። እግሩ እንቢ ሲለው ሰልፍ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ተረሳ። መድኃኒቱ ከበሩ ወዲያ ነበር፤ እሱ ከበሩ ወዲህ ሞተ። ለቅሶ ላይ «የሳንባ ምች ነው አሉ» ተባለ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ወስፌ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ የምታለቅሰው ግን ለሞቱ ብቻ አልነበረም። ባሌን የገደለው ሰልፍ ነው ብላ መጮህ እየፈለገች አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የምታለቅሰው። «እኔ ከሰልፍ ሸሽቼ አልሞትም» ብላ በልቧ ማለች። መሐላዋን ጠበቀች፤ ግን ሩቅ ሰልፍ መረጠች። ማንም የማያውቃት ክሊኒክ፣ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ።

ስፌት ቤቱ ውስጥ የቅርቧ ሰው እትዬ መነጽር ናት። በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ጎን ለጎን ነው መኪናቸው፣ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ከሌላው ቦታ ሁሉ በሚሻልበት። መነጽሯ አንገቷ ላይ በገመድ ታስሯል፣ አንዱ እጀታው በክር ተጠግኗል፣ መርፌ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ዘወትር መርፌና ክሯን ወደ ጎን ትዘረጋለች።

«አንቺ ወስፌ፣ ይህቺን ዕውር አብሪልኝ።»

ወስፌ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርሳ፣ በጥርሷ ለጠጥ አድርጋ በአንድ ጊዜ ታሳልፈዋለች። «ግመል የሚያልፍበት ቀዳዳ እኮ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ግመሉን ጥሪውና ያስገባልኝ። አንቺማ ዋጋሽን አስወደድሽ።»

ስንት ኮት፣ ስንት ቀሚስ፣ ስንት የሙሽራ ልብስ በዚያ ምራቅ በራሰ ክር ተሰፍቶ ወጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮት ቁልፍ የጠፋበት ደንበኛ መጣ። ሦስተኛዋ ሰፊ፣ ሬዲዮ የሚሏት፣ የሚመሳሰል ቁልፍ ስትፈልግ የራሷ ሳጥን ውስጥ አጣች። ሬዲዮ የተባለችው ወሬ ሳታስተላልፍ ውላ ስለማታውቅ ነው። «ወስፌ ጋ አይጠፋም» ብላ፣ ሳትጠይቅ፣ መሳቢያውን ስባ ቆርቆሮውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ወስፌ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነበር። የቁልፉን መንኮሻኮሽ ስትሰማ ዘወር ለማለት እንኳ አልደረሰችም። ከረጢቷን የሰፋቻት ለሰው ልብስ አድርጋው በማታውቀው ቸልታ ነው፤ አፏን በነጠላ ክር ሸብ አድርጋ ብቻ። ክሩ ተፈታ። ክኒኖቹ በቁልፎቹ መሃል ተንከባለሉ።

ሬዲዮ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። «ይሄ ደግሞ የምን ቁልፍ ነው? ቀዳዳ የለውም!»

ሁሉም ሳቀ። ባለቤቱ ከወዲያ ማዶ «የሠራው ሰው ረስቶት ይሆናላ!» አለ። እትዬ መነጽርም ሳቀች፣ ደንበኛውም ሳቀ። ሬዲዮ ክኒኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው።

«ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄንንማ አውቀዋለሁ። የወንድሜ ሚስት የምትሠራበት ክሊኒክ ለእነዚያ ለ…»

አልጨረሰችውም። ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ሁሉም ዓይን ከክኒኑ ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው ወደ ወስፌ ሄደ። ወስፌ «የራስ ምታት ነው» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሷል። በዚያች ቅጽበት የታያት ግን የለቅሶው ፍራሽ ነው፣ «የሳንባ ምች ነው አሉ» እያለ የሚነቀነቀው ራስ ሁሉ።

«የኔ ነው» አለች። «አምጪው።»

ደንበኛው ኮቱን አንጠልጥሎ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለ። አልተመለሰም።

በማግስቱ ውሃ በርሜሉ ላይ ካሉት ኩባያዎች የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘች። ሬዲዮ ዓይኗን ልብሱ ላይ ተክላ «የራስሽ ይኑርሽ ተብሎ ነው፤ ለጤናሽ» አለች። ወስፌ ኩባያውን አነሣችና ቋጠሮውን አየችው። ስፌት ቤት ውስጥ የሰው ቋጠሮ እንደ ድምፁ ይታወቃል። ሬዲዮ ቸኩላ ነው የምትቋጥረው፤ ባለቤቱ መቋጠር ትቶ መቁረጥ ብቻ ከያዘ ቆይቷል። ይህ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ ነው። የእትዬ መነጽር ቋጠሮ ነው። እትዬ መነጽር መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ባዶ ጨርቅ ትሰፋለች።

ከዚያ ባለቤቱ ወደ ጓዳው ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ክፉን ተሳድበህ ትገላገለዋለህ። «ለራስሽ ብዬ ነው» ብሎ ጀመረ።

«ለራስሽ ብዬ ነው» የምትለዋን ቃል ማን እንደፈለሰፋት አላውቅም። በዚህች ቃል ስንት ሰው ከሥራው፣ ከቤቱ፣ ከትዳሩ እንደወጣ ግን አይቻለሁ።

«መርፌው ይቅርብሽና ካውያውን ያዢ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ደንበኛ ነው የሚያወራው። ካውያ ላይ ብትሆኚ… ሙቀት ይገድለዋል ይባላል። ልብሱ ሁሉ በመጨረሻ በእሳት ካለፈ ማንም አፉን አይከፍትም።»

ካውያ በዚያ ቤት የማንም ሥራ አልነበረም፤ በተራ ነው የሚተኮሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወስፌ ሆነ። ልብ አድርጉ። እጇን ፈርተው ከአንድ መኪና ላይ አነሷትና የቤቱን ልብስ ሁሉ በእጇ እንዲያልፍ አደረጉ! ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሲሸሽ እንኳ ወዴት እንደሚሸሽ አያውቅም። አንዳቸውም ይህን አላስተዋሉም። ወስፌ አስተዋለች፤ በደኅናው ጊዜ ቢሆን ቤቱን በሳቅ ትጥለው ነበር። አሁን ግን ወስፌ ዶለዶመች። ጥጉ ላይ፣ መስኮት በሌለበት፣ እንፋሎት ፊቷን እያጠበው የሌሎችን ስፌት ትተኩስ ጀመር።

ከዚያ ጥግ ሆና ነው እትዬ መነጽርን የምታያት። አሮጊቷ ክሩን ትስላለች፣ መርፌውን ወደ ብርሃን ታነሣለች፣ ትስታለች፣ መነጽሯን ታወልቃለች፣ መልሳ ታደርጋለች፣ ደግማ ትስታለች። ሬዲዮን እንዳትጠይቅ ሬዲዮ እያሳቀች ታስገባላትና ወሬውን ለሰፈር ታደርሰዋለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ተነሥታ በሩ ላይ ቆመችና መንገደኛ አስቆመች። ፌስታል ያንጠለጠለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጎልማሳ። ሰውየው ክሩን አፉ ውስጥ ከትቶ በደንብ አርሶ አሳለፈላት። «ተባረክልኝ ልጄ!» አለችው እትዬ መነጽር፤ የማታውቀውን ሰው ምራቅ መርቃ ተቀበለች።

ወስፌ ካውያውን አስቀመጠች። ልብሱ ሊቃጠል ነበር።

የዚያን ቀን ማታ መቀሷን፣ ሜትሯንና የጣት ቆቧን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ወስና ነበር። ከተማው ሰፊ ነው፤ ማንም የማያውቃት ስፌት ቤት አይጠፋም። ቤት ስትደርስ ልጇ የቤት ሥራዋን ትታ አየቻት። የእናቷን ክኒን ታውቃለች፤ ስትረሳ የምታስታውሳትም እሷ ናት።

«እማዬ፣ መቀሱን ለምን አመጣሽው?»

«ሌላ ስፌት ቤት ልገባ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እዚያስ ቆርቆሮውን የት ትደብቂዋለሽ?»

ወስፌ ባሏን አሰበች። እሱም እኮ አልሸሸሁም ነበር የሚለው፤ ሰልፉ ሲያጥር እመለሳለሁ ነበር የሚለው። ሌላ ስፌት ቤት፣ ሌላ ቆርቆሮ፣ ሌላ ሬዲዮ። ከዚያስ? ከዚያ ሌላ።

ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ሄደች፤ የበሩን ቁልፍ ልታስረክብ ይሁን መቀሷን ልትመልስ ራሷም አልቆረጠችም። አርፍዳ ስትደርስ በሩ በባለቤቱ መጠባበቂያ ቁልፍ ተከፍቷል፤ ባለቤቱን በሁለት እጁ ራሱን ይዞ አገኘችው። የሆቴል ሠራተኞች ኮት ታዟል፤ የቁልፉ ቀዳዳ በእጅ ይጠለፍ ተብሏል። ሬዲዮ የጠለፈችው እንደ አይጥ ጥርስ ተዘበራርቋል፤ እትዬ መነጽር የጠለፈችው ወደ ጎን ሄዷል።

«ወስፌ! እግዜር ነው ያመጣሽ! ነይ፣ ነይ፣ ለዚህ ሳምንት ወደ መስኮቱ ተመለሽ።»

ወስፌ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ሙቀቱ ገደለው ማለት ነው ጋሼ?»

«ኧረ አሁን የቀልድ ጊዜ…»

«ቀልድ አይደለም። ትናንት እጄ ልብስ ያረክስ ነበር። ዛሬ ምን አጠራው? ካውያው ነው ወይስ የሆቴሉ ትዕዛዝ?»

 ሬዲዮ መኪናዋን አቆመች።

«እኔ እኮ ደንበኛው ነው እንጂ…» አለ ባለቤቱ።

«ደንበኛው የት አለ? አንድ ሰው ነው የወጣው። እናንተ ግን ከተማውን በሙሉ ደንበኛ አድርጋችሁ በእሱ ስም ፈራችሁ። በምራቅ አይተላለፍም። በኩባያ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ ጎን ለጎን በመቀመጥ አይተላለፍም። እኔ ደግሞ ክኒኔን አላቋርጥም፤ ደሜ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል። ነገ ባል ባገባ እንኳ አይተላለፍበትም። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ግድግዳውን የቀባው ባሌ ነው። እሱም ቆሞ አላነበበውም።»

«እኔ እኮ…» አለች ሬዲዮ።

«አንቺ ዛሬን ባትሪሽን አውልቂ!»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ነው የሚወጋው። «ኮቱን መሥራት እችላለሁ ጋሼ። ግን ብሠራ የምትሉትን አውቃለሁ። ‹ባለሙያ ናት፣ ትኑር› ነው የምትሉት። ዓይኔ እንደ እትዬ የደከመ ዕለትስ? ቀዳዳ መጥለፍ የማታውቅ ሴት ቫይረሱ ቢኖርባት የት ትቀመጥ? ሰው ለመባል ሙያ በመያዣ ማስያዝ አለብን?»

 ወንበር ተንፏቀቀ። እትዬ መነጽር ተነሥታ ወደ ውሃ በርሜሉ ሄደች። ኩባያዎቹን በእጇ እየዳሰሰች ቀይ ክር ያለበትን አገኘች፤ ቋጠሮውን በጣቷ ፈለገች፤ አልፈታም አላት። የራሷ ቋጠሮ ነው፤ እንዳይፈታ አድርጋ ነው የቋጠረችው። ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው።

«ቋጠሮዬን ለይተሽዋል» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እንደ እሱ አስቀያሚ ቋጠሮ ሠርተሽ አታውቂም።»

«ምራቅሽን ፈርቼ እንዳይመስልሽ። በአንቺ አፍ የራሰ ክር ስስብ ነው ያረጀሁት። ‹እሷም አለባት› እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት። ከአንቺ ጋር እንዳይቆጥሩኝ።»

እነሆ እውነቱ። ስንት ጥናት፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ፖስተር የሚዞርበትን ነገር አንዲት ዓይነ ደካማ ሴት ኩባያ ይዛ ተናገረችው። ቫይረሱን የሚፈራ ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ከተናቀው ጋር መቆጠርን የሚፈራ ነው። የወስፌ ባል የሸሸውም ይህንኑ ነው፤ ሰልፍ ሌላ ምንድን ነው? አብሮ መቆጠር ነው።

እትዬ መነጽር መርፌና ክሯን ከመኪናዋ አንሥታ መጣችና ዘረጋችላት።  «አብሪልኝ።»

«መንገደኛ አለልሽ አይደል? እሱን ጥሪው።»

«መንገደኛ ሄደ። መንገደኛ መሄድ ነው ሥራው።»

ወስፌ ወዲያው አልተቀበለቻትም። ይቅርታ እንደ ካውያ ሶኬት ላይ ሲሰኩት የሚሞቅ ነገር አይደለም። አሮጊቷን ቆማ አስጠበቀቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አወረደች። የክሩ ጫፍ እትዬ መነጽር ደጋግማ ስትልሰው ተበጣጥሶ እርጥብ ነበር። ወስፌ ሳትጠርገው ከንፈሯ ላይ አደረገችው፣ በጥርሷ ለጠጠችው፣ በአንድ ጊዜ አሳለፈችው።

«ካውያው በተራ ይሆናል» አለች ለባለቤቱ፣ መርፌውን እየመለሰች። «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው ጋሼ።»

ባለቤቱ ጥጉን አየ፣ ኮቶቹን አየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሬዲዮ እስከ ዛሬ ውሃዋን በራሷ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ «ለጨጓራዬ ነው» ትላለች። አከራይዋም ወሬው ሲደርሳት ትኋን መፈለጓን ተወች፤ ኪራይዋን ግን ከወስፌ እጅ መቀበል ትታ በር ሥር አስቀምጪልኝ ብላለች። ብሩን ግን አልተጠየፈችውም። የብስኩት ቆርቆሮው አሁን መስኮቱ ላይ ነው፣ ክዳኑ ወልቆ። ክኒኖቹ ከቁልፎቹ አጠገብ በብልቃጣቸው ቆመዋል፤ ሲነሡ ይንኮሻኮሻሉ፤ ማንም ቀና አይልም።

ባለቤቱን የሚያሳዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩን አሁን የሚከፍተው ራሱ ነው፤ ወስፌ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ፣ አንዳንዴም አርፍዳ ትመጣለች።

«ድሮ እኮ ቀድመሽን ነበር የምትገቢው» ይላታል።

«ድሮ የምደብቀው ነበረኝ» ትለዋለች፣ ቦርሳዋን እያወረደች።